አባቴ ለማን ሰገዱ?

ይህን ታሪክ ቁጣዬ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። አልበረደም፤ የሚበርድም አይመስለኝም። እንግዲያው እንደተቃጠልኩ እጽፈዋለሁ። ለስላሳ ንባብ የምትሹ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ትርንጎ እባላለሁ። ንፋስ መውጫ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አባቴ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ባለ አንድ ደብር የድጓ መምህር ናቸው። የደብሩን ስም አልጠራም። ታቦቱ ምን አጠፋ? ሰዎቹ ናቸው እንጂ። ድጓ ማለት ለማያውቀው የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው፤ ተማሪው እያዜመ፣ መምህሩ እያረመ ዓመታት ይፈጃል። አባቴን አገሬው ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረዋል፤ ተማሪዎቻቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀልሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ ውኃ ቀድተው ተምረዋል።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ልሳነ ወርቅ የተለየ ነበር። ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። የቀረው ጥቂት ነበር፤ ያን ከጨረሰ የአባቴን ወንበር ይረከባል። «ዜማውን ጥርት አድርጎ የያዘልኝ እሱ ነው፤ እሱ ሳይረከበኝ ብሞት ሞቴ ሁለት ነው» ይሉ ነበር አባቴ። ይቺን ያዙልኝ። የምናገረው ሁሉ ስለዚህ ወንበር ነው።

ነገሩን ያመጣው የዓይናቸው ሕመም ነው። ግራው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ሌላ አይረባም። በኋላ ቀኙም ጥላ ወረደበትና በድጓው ፊደል ራስ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ማየት አቃታቸው። ባሕር ዳር ወሰድናቸው፤ «ከእኛ አቅም በላይ ነው» አሉን። ጀርመን አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ «እዚህ አምጫቸው» አለ። አባቴ እምቢ አሉ።

«ልሳነ ወርቅን ሳልጨርስ የትም አልሄድም።»

«አባዬ፣ ዓይኑ ከጠፋ በምን ያርሙታል?»

«በጆሮዬ።»

«ምልክቱንስ በጆሮ ያዩታል?»

«እንግዲያው ቶሎ መልሱኝ» አሉ። ዐቢይ ጾም እንደገባ ሄድን። ልሳነ ወርቅ ጓዛቸውን ተሸክሞ እስከ አርብ ገበያ ሸኘን፤ መኪናው ሲነሳ ጉልበታቸውን ስሞ ወረደ።

ሕክምናው ሰመረ። ሐኪሟ ቀኝ ዓይናቸውን በፋሻ አሽጋ፣ «ፋሻው እስኪነሳ ጎንበስ እንዳይሉ፣ ጭንቅላታቸውን ዝቅ እንዳያደርጉ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። በጾም ወቅት ለእሳቸው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እሷ የት ታውቃለች? «ስግደቱንስ?» አሉኝ። «በልብዎ ይስገዱ፣ አባዬ» አልኳቸው። ደስ ሳይላቸው ተስማሙ።

ወንድሜ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። አባቴ ጥቂት ቀን እንደተቀመጡ፣ «ይሄ ቤት ሣጥን ነው፤ እባካችሁ ዛፍ ያለበት ውሰዱኝ» አሉ። ወንድሜ ሥራ ላይ ስለሚውል ሰሎሞን የሚባል የእስቴ ልጅ፣ «የአገሬን ሰውማ እኔ ነኝ የማዞር!» ብሎ መኪናውን አምጥቶ ቆመ። ልጁ አንደበቱ ማር ነው። ስልኩ ከእጁ አይወርድም፤ ደረጃ ስንወርድ ይቀርጻል፣ መኪና ስንገባ ይቀርጻል። ቀልቤ አልወደደውም፤ ግን ሰው መኪናውንና ጊዜውን ሰጥቶ ምን ይባላል?

የወሰደን ከከተማዋ ዳር ነው። የግንብ አጥር፣ ካጥሩ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ከዛፉ መሀል ክዳኑ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀና ያለ የእንጨት ቤት። በሩ ላይ የጃፓን የአትክልት ቦታና የቡድሃ ሃይማኖት የባህል ማዕከል እንደሆነ ተጽፏል። ለአባቴ «የጃፓኖች የአትክልት ቦታ ነው» አልኳቸው።

«የጃፓን ሰው ጀርመን አገር ምን ይሠራል?»

«እኛስ ምን እንሠራለን?»

ሳቁ። ክንዴን ይዘው በዱላቸው መሬቱን እየነካኩ ገባን። ሐሙስ ቀን ነበር፤ እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። የአበባው ሽታ ደስ አላቸው። አንድ ጎባጣ ያረጀ ጥድ አገኘን፤ ቅርንጫፎቹ እንዳይሰበሩ ከሥር በባላ ተደግፏል። ግንዱንም ባላውንም ዳሰሱና፣ «እሰይ! ሽማግሌ የሚጦር አገር ነው» አሉ።

ከዛፉ አለፍ ብሎ፣ ከእንጨቱ ቤት ፊት፣ ነጭ ጠጠር የተነጠፈበት ሜዳ አለ። ጠጠሩ ላይ ልክ እንደ እርሻ ትልም በትልም ተስቦበታል። አባቴ ትልሙን በዱላቸው ለዩት።

«ታርሷል'ኮ። ምን ሊዘሩበት ነው?»

«ምንም። ለማየት ብቻ ነው፤ ጠጠር ነው።»

«ለማየት ብለው ድንጋይ ያርሳሉ? ታድለዋል! የእኛ ሰው ድንጋይ የሚያርስ ቸግሮት ነው።»

ሰሎሞን ከት ብሎ ሳቀ፤ ስልኩም ተነሳ። እኔም ሳቅኩ። እስከዚህች ድረስ ቀኑ ደስ የሚል ቀን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ደወል ተደወለ። ከቤቱ ጎን የተንጠለጠለ ትልቅ የነሐስ ደወል ነው፤ በግንድ ይመቱታል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ደረት ውስጥ ይገባል። አንዴ ይመቱና ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቀው ደግሞ ይመቱታል።

እናንተ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰዎች፣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለሌላው ልንገር። በእኛ አገር በጾም እኩለ ቀን ደወል ከተሰማ የሚያርሰው በሬውን ያቆማል፣ የተሸከመው ሸክሙን ያወርዳል፣ ሰው ባለበት መሬት ላይ ይሰግዳል። የት ነው፣ ማን ደወለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጆሮ ይሰማል፣ ጉልበት ይታጠፋል፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግን።

አባቴ ክንዴንም ዱላቸውንም ለቀቁ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሉና ጠጠሩ ላይ በግንባራቸው ተደፉ።

«አባዬ! ዓይንዎን!» ብዬ ጮኽኩ። ልይዛቸው አልቻልኩም፤ ተነሡ፣ ደወሉ ደገመ፣ እሳቸውም ደገሙ። ያን የተሰመረ ጠጠር በጉልበታቸው አረሱት። እኔ ፋሻው ደም ይሆናል ብዬ ሞቼ ነበር። ቀና ስል ግን ሌላ ነገር አየሁ። ፊት ለፊታቸው የእንጨቱ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ የቡድሃ ምስል ተቀምጧል። አባቴ አያዩትም። ሰሎሞን ግን ያያል፤ ስልኩም ያያል።

ደወሉ ሲያበቃ ጸጉሯን የተላጨች፣ ግራጫ ቀሚስ የለበሰች ባልቴት ወደ እኛ መጣች። ጠጠሯን ስላበላሸንባት ልትቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ዱላውን ከመሬት አንሥታ በሁለት እጇ አቀበለቻቸውና እጅ ነሣች።

«ማን ናት?» አሉኝ።

«እዚህ የምታገለግል ሴት ናት፣ የነሱ መነኩሲት መሰለችኝ።»

«እማሆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፤ «የማን ታቦት ነው?»

ሰሎሞን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ደወሉን ሰምተው ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። «ጠጠሩ ይስተካከላል፤ ጉልበታቸውን አሟቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ያን ቀን ከነበርነው ውስጥ ሰው የሆነችው እሷ ናት።

አልደበቅኋቸውም። «አባዬ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የቡድሃ ሃይማኖት ቤት ነው» አልኳቸው።

«ምስል አለበት?» አሉ።

«አለ። ፊት ለፊትዎ።»

አማተቡ። ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀውን ጠጠር አንድ በአንድ አራገፉ። «የሰገድኩለት እሱ ያውቀኛል» አሉ። «ይልቅ ሴትዮዋን 'እርሻሽን አበላሸሁብሽ፣ ይቅር በይኝ' በያት።» አልኳት። ዓይናቸውም ምንም አልሆነም፤ ያን ዕለት ማታ ሐኪሟ አይታ አረጋገጠችልን። ነገሩ እዚህ ማለቅ ነበረበት። ሰው ቢሆን ያልቅ ነበር!

በማግስቱ አርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደብራችን ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና አስተዳደር የያዙ ሰው። እሳቸውም በልጅነታቸው የአባቴ ተማሪ ነበሩ።

«ትርንጎ፣ የኔታ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው…»

«የዓይኑን ተይው። ለጣዖት ሰገዱ የሚባለው እውነት ነው?»

ሰሎሞን የቀረጸውን ለጥፎታል ለካ። «የጋይንቱ የኔታ ለቡድሃ ሲሰግዱ» ብሎ፣ የጭፈራ ሙዚቃ አስገብቶበት፣ ላዩን በሳቅ ምልክት ሞልቶ። ገበያ ቀን ነው፤ አርብ ገበያ ላይ ሰው እህሉን ትቶ ከስልክ ስልክ ሲቀባበለው ውሏል።

«ደወል ሰምተው ነው'ኮ! ዓይናቸው ታሽጎ ነበር፤ ምስሉን አላዩትም!»

«እሱን መጥተው ለጉባኤው ያስረዱ። እስከዚያው ወንበሩ ተዘግቷል። ተማሪዎቹንም ወደየመጡበት አሰናብተናል።»

«አሰናበታችሁ? በአንድ ቀን?»

«ለጣዖት ከሰገደ መምህር የተገኘ ዜማ እንዴት ይታመናል፣ ልጄ?»

«እርስዎስ ከማን ተምረው ነው የሚቀድሱት?» አልኳቸው። ዘጉብኝ።

አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ሰምተዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልሳነ ወርቅስ?»

ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሌላ ተማሪ ጋ ደወልኩ። «እሱ ከሁላችንም ቀድሞ ሄደ፤ ቪዲዮውን አይቶ ጎጆውን በእጁ አፈረሰ» አለኝ። ለአባቴ «ሄዷል» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ ስትቀበርና ያን ቀን ነው። ፋሻው እንዳይርስ እኔ እጠርግ ነበር፤ እየጠረግኩም አንድ ሰው በጥርሴ ብነክስ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰሎሞን ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት እየሳቀ ነው።

«እትዬ ትርንጎ! አየሽው? ፈነዳ'ኮ!»

«ደወሉ የት ሄደ?» አልኩት።

«የቱ ደወል?»

«አባቴ የሰሙት ደወል! ድምፁን የት ወሰድከው?»

«እ… ሙዚቃ አስገባሁበታ። ያለ ሙዚቃ ማን ያያል? ለፈገግታ'ኮ ነው፣ ምን ያስቆጣል?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው። አልራበው፣ አልጠማው፣ ማንም አልከፈለው፤ ዝም ብሎ የአንድ ሽማግሌ ስም አርዶ ለሰው ሳቅ አቀረበ። ወንበሩ መዘጋቱን፣ ተማሪዎቹ መበተናቸውን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። እዚያው እያየሁት አጠፋው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ቢያጠፋው አገር ይዞታል። «ድምፁ ያልተነካውን ላክልኝ» አልኩት። ላከልኝ። ምን እንደማደርገው ገና አላውቅም ነበር፤ የአባቴ የሆነ ነገር እሱ እጅ ላይ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ፋሻው ተነሣ። አባቴ አዩ። እኔን፣ እጃቸውን፣ መስኮቱን አዩና «ተመስገን፤ በይ እንሂድ» አሉ። ሌላ ቃል የለም። ገና ሰሞነ ሕማማት ሳይገባ አገራችን ገባን።

ጉባኤው ረቡዕ ከቅዳሴ በፊት፣ ወደ እኩለ ቀን፣ በቅጥሩ ውስጥ ተጠራ። ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ሞንታርቦ አስተክለው ማይክራፎን ይዘዋል፤ ለጠበል የመጣው፣ ከበር ውጭ የተቀመጠው ሁሉ እንዲሰማ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። አባቴ መሀል ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። እግራቸውን ያጠቡ፣ ቡራኬ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው እኮ ያሉት! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «የኔታ ይቀመጡ» አላላቸውም።

«ብዙ ሐተታ አንሻም» አሉ ቄሰ ገበዝ በሞንታርቦ። «ሰግደዋል ወይስ አልሰገዱም?»

«ሰግጃለሁ» አሉ አባቴ።

ቅጥሩ ተናጋ። አንዱ «ጉድ ነው!» ይላል፣ አንዱ «ንስሐ!» ይላል። አባቴ ሊቀጥሉ አፋቸውን ቢከፍቱ ማን ይስማቸው? እኔ ደሜ ፈላ። ሴቶቹ ከቆሙበት ወጥቼ መሀል ገባሁ።

«ሴት በዚህ ጉባኤ አትናገርም!» አሉኝ ቄሰ ገበዝ።

«እኔ አልናገርም! ይሄ ይናገር!» አልኩና ማይክራፎኑን ከእጃቸው ነጥቄ ስልኬ ላይ ደገንኩት። ድምፁ ያልተነካውን ከፈትኩት።

ደወሉ በሞንታርቦው ወጣ። ያ ወፍራም ድምፅ ቅጥሩን ሞላው።

እውነት እላችኋለሁ፣ ከበሩ ውጭ የነበሩት ሴቶች እንደ አንድ ሰው መሬት ላይ ተደፉ። እነሱ ምን እየተደረገ እንዳለ አያዩም፤ ደወል ሰሙ፣ ሰገዱ። ደወሉ ደገመ። ከዛፉ ሥር ያሉት ሽማግሌዎች ተነሡ፤ ሁለቱ ግንባራቸውን አፈር አስነኩ። ዘወር ስል ቄሰ ገበዝ አማትበው፣ ወገባቸው ተሰብሮ፣ «እግዚኦ» ሲሉ አገኘኋቸው። ከስልኬ ውስጥም የአባቴ ድምፅ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል።

አጠፋሁት። ማይክራፎኑን ወደ አፌ አመጣሁ።

«ይሄ የቡድሃው ቤት ደወል ነው። ቄሰ ገበዝ፣ አሁን እርስዎ ለማን ሰገዱ?»

አንዲት አሮጊት «ወይኔ የኔታ!» ብለው ጮኹ፤ ለቅሶ ሆነ። ቄሰ ገበዝ አባቴ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ አባቴ በዱላቸው ደረታቸውን ገታ አድርገው ያዟቸው። እሳቸው ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ። እግሬን ተወው። ተማሪዎቼን ግን አንተ ነህ የበተንካቸው፤ አንተው ሂድና አምጣ። በመኪና እንዳይሆን። እነሱ በእግራቸው ነው የሄዱት።»

ቄሰ ገበዝ ሄዱ፣ ሐሰት አልናገርም። እስቴንም ስማዳንም በእግራቸው ዞሩ። ፋሲካ አልፎ ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ጎጆ እንደገና ተቀለሰ። ልሳነ ወርቅ አልተገኘም።

እኔ በፊት፣ አገር ሰውን ያውቃል ብዬ አምን ነበር። ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሰው ፊት ሲኖር የኖረው ኑሮ ምስክር ይሆነዋል ብዬ። አይሆነውም! የኖረው ኑሮ በአንዲት የሳቅ ቪዲዮ ይረታል። ያን ቪዲዮ ያያችሁ፣ ለጓደኛ የላካችሁ፣ የሳቅ ምልክት ያስቀመጣችሁ፣ ከእናንተ ውስጥ ይህን የምታነቡ አላችሁ። ሰላም እንዳትሉኝ። እግዜር ይቅር ይበላችሁ፤ እኔ ገና ነኝ።

በሰኔ፣ ንፋስ መውጫ ዝናብ ይዞኝ ባጃጅ አስቆምኩ። ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ሾፌሩን በመስታወት አየሁት። ልሳነ ወርቅ ነው። ጥምጣሙን ትቶ ኮፍያ አድርጓል። እሱም አየኝና ዳር ይዞ አቆመ።

«አንተ! ሁሉም ተመለሱ'ኮ! የሆነውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ ትርንጎ።»

«ታዲያ? ይጠብቁሃል። ዓይናቸው ድኗል፣ ምልክቱን ያያሉ። ና!»

መሪውን ጨብጦ ወደ ዝናቡ ያያል። «ሌላው ቢያምን ስለማያውቃቸው ነው። እኔ አውቃቸው የለ? አይቼው ወዲያው አመንኩ'ኮ። በምን ዓይኔ ልያቸው?»

«እሳቸው ይቅር ብለዋል።»

«ዜማውም እምቢ ብሎኛል» አለ። «ብቻዬን ስሆን ልጀምረው እላለሁ፤ ያ የጭፈራ ሙዚቃ ይመጣብኛል።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ቤቴ አደረሰኝና ሄደ።

አባቴ አሁን ወንበራቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ጥርት ብሎ ያያል፤ ጀማሪዎችን ከሥር ጀምረው ያስተምራሉ። ድጓውን የሚረከባቸው ግን የለም፤ ጀማሪዎቹ እስኪደርሱ እሳቸው እንደማይቆዩ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። በቀደም ሰሎሞን ጽፎልኛል። «እትዬ፣ አሁንም ተቀይመሽኛል? ቀልድ'ኮ ነበር» ይላል። ቀልድ ነበር አለ! እስቲ ከእናንተ መካከል ቀልዱ የገባው ካለ ይንገረኝ፤ እኔም ልሳቅ።